የአያት ጠመንጃ ከነጥይቱ ሲገኝ፦ ባሩዱን ሳታውቁ አትንኩት

ባለፈው ክረምት ኩታበር አጎቴ ቤት ነበርኩ። ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። አጎቴ የሚያፈሰውን ጣሪያ ሊደፍን ቆጥ ላይ ወጣና በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወረደ። የአያታችን ውጅግራ ነው። ጠመንጃውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በአጎቴ ስም ፈቃድ አለው። ከሥሩ የተወሸቀውን የቆዳ ዝናር ግን ማንም አያውቀውም ነበር። ሰባት ጥይት አለበት። ሰባቱም እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነዋል።

የአጎቴ ልጅ ደሴ ነው የሚማረው፤ ለእረፍት መጥቶ ነበር። ስልኩን አውጥቶ፣ «አባዬ፣ ፈረንጆቹ እኮ የተተኮሰውን ባዶ ቀልሃ ራሳቸው ይሞሉታል። ባሩድ መርጠው፣ በሚዛን መዝነው፣ እዚያው ቤታቸው። እኛስ ለምን አንሞላውም?» አለ።

አጎቴ እኔን አየኝ። በወጣትነቴ አራት ዓመት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። ቤተሰቡ ውስጥ ስለ ጥይት ጥያቄ ከተነሣ ወደ እኔ ነው የሚዞረው። ያን ቀን የመለስኩለትን ነው እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው። ወሎ ውስጥ ቆጡ ላይ፣ ጎታው ሥር ወይም ግድግዳው ውስጥ አሮጌ ነገር የሌለበት ቤት ጥቂት ስለሆነ ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል።

መጀመሪያ ስለ ባሩድ

ልጁ ያየው ነገር ውሸት አይደለም። ውጭ አገር ጥይት የሚሞሉ ሰዎች በጣም ብዙ ናቸው። ግን ልብ ብሎ ላየ፣ ሰዎቹ በጣም የሚጠነቀቁት ባሩድ ሲመርጡ ነው። ለምን? ባሩድ ሁሉ አንድ ስላልሆነ።

ሁለት ትልልቅ ወገኖች አሉ። አንደኛው ጥንታዊው ጥቁር ባሩድ ነው፤ ከፖታሲየም ናይትሬት፣ ከከሰልና ከድኝ ይሠራል። ሲተኮስ ነጭ ጭስ ይጥላል፣ አፈሙዙን በጥላሸት ይሞላዋል። ሁለተኛው ጭስ አልባው ነው። ፖል ቪየል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1884 በፈረንጆች አቆጣጠር ሠራው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳይ በእሱ የሚተኩስ ጠመንጃ ታጠቀች። መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ነው። አንዳንዱ ላይ ናይትሮግሊሰሪን ይጨመርበታል።

የሁለቱ ልዩነት ጭሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። ጥቁር ባሩድ ታፍኖም ሳይታፈንም ፍጥነቱ ያን ያህል አይለዋወጥም። ጭስ አልባው ግን ሜዳ ላይ ቢለኩሱት ቀስ ብሎ ይነድዳል፤ ቀልሃ ውስጥ ሲታፈን ፍጥነቱ ይጨምራል። ግፊቱ ነበልባሉን ያፈጥነዋል፣ ነበልባሉ ደግሞ ግፊቱን ይጨምራል። ድስት ክዳኑን ከፍቶ በማፍላትና ክዳኑን በድንጋይ ተጭኖ በማፍላት መካከል ያለውን ልዩነት አስቡት።

ጭስ አልባው ራሱ ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው። ለሽጉጥ የሚሆነው ፈጣን ነው፤ ሽጉጥ አጭር ነዋ፣ ባሩዱ ቶሎ ነድዶ ማለቅ አለበት። ለረጅም ጠመንጃ የሚሆነው ዝግ ያለ ነው፤ እርሳሱን፣ ማለትም ተወንጭፎ የሚወጣውን የጥይቱን አናት፣ በአፈሙዙ ርዝመት ሁሉ እየገፋ መሄድ አለበት። የባሩዱ ፍሬ ቅርጽና ውፍረት፣ ላዩ ላይ የሚቀባው ነገር ሁሉ ፍጥነቱን ይወስነዋል። በዓይን ስታዩት ግን ሁለቱም ጥቁር ፍርፍር ናቸው። የሽጉጡን ባሩድ ጠመንጃ ቀልሃ ውስጥ የሞላ ሰው ከፊቱ ቦምብ አስቀመጠ ማለት ነው። በቀለም፣ በሽታ ወይም በመዳፍ ዳብሶ የሚለይ ሰው የለም። ፈረንጆቹ ከታሸገው የፋብሪካ ቆርቆሮ ያወጣሉ፣ ፋብሪካው ያተመውን ሠንጠረዥ ይከተላሉ። ከቆርቆሮው ወጥቶ ስሙ የጠፋ ባሩድ ካገኙ አይሞክሩትም፤ ያስወግዱታል።

እኛ ጋ ሠንጠረዡም፣ ቆርቆሮውም፣ ፈቃዱም የለም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት ወንጀል ነው። ለአጎቴ ልጅ ግን ሕጉን አይደለም ያስቀደምኩት፤ የመቅደላን ነገር ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ የስቅለት ዕለት፣ የአፄ ቴዎድሮስ ጦርና የእንግሊዝ ጦር መቅደላ አጠገብ አሮጌ በሚባል ቦታ ገጠሙ። ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ፣ ባሩዱ ከመጠን በላይ ተሞልቶ ነበር ይባላል። ያን ሁሉ ብረት ስንት ሰው ተራራ ለተራራ ጎትቶት እንደመጣ አስቡት! ሌላውን የንጉሡን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ መቅደላ ሄዶ ያየ ሰው የብረቱን ውፍረት ያውቃል። የዚያን ዘመን መድፍ የሰነጠቀ ስህተት የአያቴን ውጅግራ ምን ሊያደርገው ነው?

አንድ፦ ጎርሶ እንደሆነ እዩ

የተገኘ ጠመንጃ ሁሉ ጎርሷል ብላችሁ ጀምሩ። አያቶቻችን ባዶ ጠመንጃ መስቀል ነውር ይመስላቸው ነበር። ልጆችን ከቤት አስወጡ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት፣ ቢቻል ወደ አፈር ግድግዳ አዙሩ። ጣታችሁ ቃታው አጠገብ አይድረስ። ከዚያ መቀርቀሪያውን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሳቡና ማጉረሻውን በብርሃን እዩ፣ በትንሽ ጣታችሁም ዳብሱ።

መቀርቀሪያው በዝገት ከተያያዘ ተዉት። መዶሻ አታንሱ፣ ናፍጣ አትድፉበት፣ በአፈሙዙ በኩል ሽቦ ከትታችሁ አትግፉ። ጎርሶ ዝጎ የተቆለፈ ጠመንጃ የፖሊስ ሥራ እንጂ የቤተሰብ ሥራ አይደለም።

ሁለት፦ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ለዩ

ወሎ ውስጥ ስሞቹ ብዙ ናቸው። ውጅግራ፣ ወጨፎ፣ ሰናድር፣ ጓንዴ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ። ሽማግሌ ሲጠራቸው ደስ ይላል፣ ግን አንዱ ቀበሌ ምንሽር ያለውን ሌላው በሌላ ስም ይጠራዋል። በስሙ ብቻ አትመኑ፤ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ።

ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው። ስሙም የመጣው «ፉዚ ግራ» ከሚለው ነው። ብረቱ ላይ 1874 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የተሠራበት ሳይሆን የሞዴሉ ዓመት ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፣ የጥይቱ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። እርሳሱ ልብስ የሌለው ራቁቱን እርሳስ ነው። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው።

የጣሊያኑ 6.5 ሚሊ ሜትር እና የቤልጅጉ 7.92 ሚሊ ሜትር የጭስ አልባ ዘመን ናቸው። ጥይታቸው ቀጭን ነው፣ አናቱም በመዳብ ወይም በሌላ ብረት ተሸፍኗል። ጣሊያኑ ላይ ብዙ ጊዜ ተርኒ የሚለው የፋብሪካ ከተማ ስም አለ።

ለቤት ፍተሻ የሚሆን ቀላል መለያ ይኸውና፦ አናቱ ወፍራምና ራቁት እርሳስ ከሆነ ጥቁር ባሩድ፣ ቀጭንና ልብስ ያለው ከሆነ ጭስ አልባ። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ሰው በየዘመኑ ቀልሃ ሲሞላና ሲያስተካክል ኖሯል። ከውጭ 11 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብቻ ውስጡ ምን እንዳለ አላወቃችሁም። የቤልጅግ ጥይት የሚሠራው 3,900 ባር በሚደርስ ግፊት ነው። የውጅግራ ብረት የተሠራው ከዚያ ከግማሽ በታች ለሆነ ግፊት ነው። አንድ ሰው ቀልሃውን በጭስ አልባ ባሩድ ሞልቶት ከነበረ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው መቀርቀሪያው ነው፤ መቀርቀሪያው ደግሞ ያለው ከተኳሹ ዓይን ፊት ነው።

7.92 ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በዚህ ልክ የተሠራው የመጀመሪያው ጠመንጃ፣ የ1888ቱ የጀርመን ሞዴል፣ አፈሙዙ ከኋለኞቹ ትንሽ ይጠባል። ጥይቶቹ በዓይን አንድ ናቸው። የኋለኛው እርሳስ በጠባቡ ውስጥ ሲገፋ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። «ገባ እኮ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ሦስት፦ ጥይቱን እዩት እንጂ አትክፈቱት

ሰባቱን ጥይት ጠረጴዛ ላይ አሮጌ ፎጣ ዘርግተን ደረደርናቸው። ሁለቱ አንገታቸው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረባቸው። አንዱ እርሳሱ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። የቀሩት ላይ አረንጓዴው ዝገት ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ሲላቀቅ የቀልሃውን ላይኛ ልጣጭ ይዞ ወጣ። ይህ የቆዳው ሥራ ነው። ቆዳ ሲለፋ የሚገባበት ነገር ነሐስን ይበላል። ዝናር ለመታጠቅ እንጂ ለማስቀመጫ አልተሠራም።

ጥቁር ባሩድ ደረቅ ከሆነ መቶ ዓመትም ይቆያል። ይህን ብዙ ሰው አያምንም። «አርጅቷል፣ አይፈነዳም» ብሎ በጥይት የተጫወተ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጭስ አልባው ግን በራሱ ጊዜ ይበሰብሳል። ፋብሪካው እንዳይበሰብስ መድኃኒት ይጨምርበታል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ባሩዱ አሲድ መትፋት ይጀምራል። አሲዱ ቀልሃውን ከውስጥ ይበላዋል። ሽታው አፍንጫ ይቆነጥጣል። የባሰበት ላይ ቀላ ያለ ቡናማ ጭስ ይታያል፣ ያኔ በራሱ ሊቀጣጠልም ይችላል።

ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል። ደሴና ኩታበር ላይ ሃያ ዓመት ደህና የቆየ ጥይት ቆቦ ወይም ባቲ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እንደዚያ አይቆይም። በደጋው ደግሞ ጠላቱ ጉሙና እርጥበቱ ነው።

የተለመዱ ጥፋቶችን ልዘርዝር። ጥይት ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ምድጃ ዳር አይደርቅም። በአሸዋ ወይም በአመድ አይፈተግም። ዘይት አይቀባም፤ ዘይቱ በቀልሃው ቂጥ መሃል ወዳለችው ካፕሱል ይሰርግና ይገድላታል። ጥይቱም አንድ ቀን ይከሽፋል፣ ወይ ደግሞ በግማሽ ይተኩሳል። በፒንሳ እርሳሱን ነቅሎ ባሩዱን ማፍሰስማ ጭራሽ። ጆሮ አጠገብ አድርጎ እያንኮሻኮሹ መስማትም ምንም አይነግራችሁም፤ ደህናውም ይንኮሻኮሻል።

አራት፦ ቢከሽፍስ

የእኛን ሰባት ጥይት ማንም አይተኩሳቸውም ብለን ተስማምተናል። ቢሆንም ለቅሶና ሠርግ ላይ አሮጌ ጥይት የሚያወጣ ሰው ስለማይጠፋ ይህን ልጻፍ።

ቃታ ተስቦ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ አትክፈቱት። አፈሙዙን ወደ አፈሩ እንዳዞራችሁ አንድ ደቂቃ ቁሙ። አሮጌ ባሩድ አርፍዶ የሚነሣበት ጊዜ አለ። ወዲያው የከፈተ ሰው ቀልሃው ፊቱ ላይ ነው የሚፈነዳው።

ከዚህ የከፋው ደከም ያለችው ተኩስ ናት። ድምፅዋ «ጭፍ» የምትል፣ ትከሻን የማትመታ። ሰው ይስቅባታል። «ፈሷን ለቀቀች» ይላል። እርሳሷ ግን አፈሙዙ መሃል ተቀርቅራ ቀርታ ይሆናል። ከኋላዋ ሁለተኛ ጥይት ከተተኮሰ አፈሙዙ እንደ ሙዝ ይላጣል። ግምጃ ቤት ሳለሁ እንደዚያ የሆነ ጠመንጃ በእጄ ይዤ አውቃለሁ። ባለቤቱ ሦስት ጣቱን ትቶ ነው የሄደው። ደከም ያለ ተኩስ የሰማ ሰው ሁለተኛ ማጉረስ የለበትም፣ ማንም ምንም ቢለው። ሠርግ ላይ ደግሞ የሚለው ሰው ብዙ ነው።

አምስት፦ ጠመንጃውን ማጠብ

አዎ፣ ማጠብ። በውሃ። አጎቴ ይህን ስነግረው ያበድኩ መስሎት ነበር።

የድሮ ካፕሱል ሲነድድ ጨው ይተዋል፤ ከገበታው ጨው ጋር የሥጋ ዘመድ የሆነ ጨው። ጨው ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱ ብረቱን ያዝገዋል። ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም። ስለዚህ ተኩሶ በዘይት ብቻ የወለወለ ሰው ጨውን በዘይት ሸፍኖ አስቀመጠው ማለት ነው። በሳምንቱ አፈሙዙ ውስጥ ቀይ ያያል። «ዘይቱ አይረባም» ብሎ ባለሱቁን ይሳደባል። የጥቁር ባሩድ ጥላሸትም እንደዚሁ እርጥበት ይጠጣል፤ እሱንም የሚያወጣው ውሃ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መቀርቀሪያውን አውጡ። ውሃ አፍሉ፤ ለቡና የሚፈላውን ያህል ይበቃል። አፈሙዙን በማጉረሻው በኩል ዘንበል አድርጋችሁ በጠባብ ማፍሰሻ አንቆርቁሩበት፣ እንጨቱ እንዳይርስ በፎጣ ጠቅልሉት። በመወልወያው ዘንግ ላይ ጨርቅ አስራችሁ ውስጡን ሂዱበት፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ሲበዛ የቆሸሸ ከሆነ ትንሽ ሳሙና አይጎዳም። የፈላው ውሃ ብረቱን ስለሚያሞቀው ቶሎ ይደርቃል፤ በደረቅ ጨርቅ ጨርሱትና ወዲያው ቅባት ስጡት። ወዲያው ስል ቡና እስክንጠጣ አላልኩም። ደሴና ኩታበር ላይ በክረምት ጉም ቤት ድረስ ስለሚገባ አሥር ደቂቃ ራቁቱን የቆየ ብረት ላይ ዝገት ይጀምራል።

ቅባቱ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ቢሆን ደህና ነው። የኑግ ዘይት አይሆንም፤ ሲቆይ ይረጋና እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ መቀርቀሪያውን ይይዘዋል። ቅቤም ይበላሻል። አያቶቻችን የበግ ሞራ ይቀቡ ነበር። እሱ እንኳ በጥቁር ባሩድ ጠመንጃ ላይ ያን ያህል የሚያስቅ አልነበረም፤ የማዕድን ዘይት ከጥቁር ባሩድ ጥላሸት ጋር ሬንጅ ይሆናል፣ ሞራ ግን ያለሰልሰዋል። ለሰቀላ ግን ቀጭን ዘይት ነው የሚሻለው። ሰደፉን በተልባ ዘይት እሹት፣ እንጨት ይወድደዋል።

ስድስት፦ የት ይቀመጥ

ጠመንጃው አንድ ቦታ፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ። ሁለቱም ተቆልፈው። ቁልፉ ልጅ የማይደርስበት። ቆጥ ላይ አይሆንም፤ ጭስ፣ ሙቀትና ፍሳሽ አለበት። ፈቃድ ያለውን ጥይት ከቆዳ አውጥታችሁ በፋብሪካ ካርቶኑ ወይም በደረቅ የእንጨት ሳጥን፣ በቤቱ ቀዝቃዛ ግድግዳ በኩል አስቀምጡ።

ቤት ቢቃጠል ጥይት ይፈነዳል። ከአፈሙዝ እንደወጣ ያህል አይበርም፣ የቀልሃው ስባሪ ግን ዓይን ያጠፋል። እሳት ለማጥፋት የመጣው ጎረቤት የት እንዳለ ማወቅ አለበት፤ ንገሩት።

በቀንድ ወይም በጠርሙስ የቀረ ልቅ ባሩድ ካገኛችሁ አታዛውሩት፣ አታፍሱት፣ ሲጋራና ፋኖስ አታቅርቡ። ለፖሊስ ንገሩና ባለበት ይቆይ። በ2014ቱ ጦርነት ማሳና ጓሮ ውስጥ የቀሩ ነገሮች ላይማ ጭራሽ እጅ አይሰደድም። ምልክት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ፣ አመልክቱ።

ሰባት፦ ማስረከብ

ያረጀ ጥይት በሚኒባስ ኪስ ውስጥ ተይዞ አይኬድም። መጀመሪያ ወደ ፖሊስ ሰው ላኩ ወይም ደውሉ፤ መጥተው ይውሰዱት፣ ወይ እንዴት እንደምታመጡት ይንገሯችሁ። ስንት ፍሬ እንደሆነ ቁጠሩ፣ በስልክ ፎቶ አንሡ፣ ስታስረክቡ ወረቀት ተቀበሉ። ጉድጓድ መቅበር ወይም ወንዝ መጣል ለሌላ ሰው ልጅ ማቆየት ነው።

እኛ ጋ ሁለት ፖሊሶች በማግሥቱ መጡ። አጎቴ አንዷን ቀልሃ ለመታሰቢያ ተዉልኝ ብሎ ለመናቸው። ትልቁ ፖሊስ፣ «አብሽር አባባ፣ ውስጧ ምን እንዳለ እኔም አላውቅም፣ እርስዎም አያውቁም» አለውና ሰባቱንም ቆጥሮ ወሰደ። ዝናሩ ቀረልን። አጎቴ አሁን የጠመንጃውን ፈቃድ በፌስታል ጠቅልሎ እዚያ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።